ዳጉና አነስተኛው ሬዲዮ

የባቲን የሰኞ ገበያ የሚያዘወትር ነጋዴ ሁሉ የአፋር ወንድሞቻችንን «ዳጉ» ያውቃል። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ያዩትንና የሰሙትን ይለዋወጣሉ፤ እያንዳንዱም የሰማውን ለሚቀጥለው ያደርሳል። ወሬው በዚህ ዓይነት ያለ ሽቦ በረሃውን ያቋርጣል። ዛሬ የምንመለከተው አነስተኛ ሬዲዮ ሥራውም ይኸው ነው።

መሣሪያው በመዳፍ የሚያዝ ሲሆን፥ በእጅ ስልክ የተጻፈለትን አጭር መልእክት «ሎራ» በተባለው የሬዲዮ ዘዴ ይለቃል፤ የሰማው ሌላ መሣሪያም ተቀብሎ ያሳልፋል። በ2012 ዓ.ም. የተጀመረው «ሜሽታስቲክ» የተባለው ፕሮግራም አንድ መልእክት ሦስት ጊዜ እንዲሸጋገር ያደርጋል፤ እስከ ሰባትም ሊደርስ ይችላል። የሚለቀው ኃይል ከአንድ ዋት እጅግ ያነሰ ስለሆነ ትንሽ የፀሐይ ኃይል ይበቃዋል። በ2015 ዓ.ም. በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት መቋረጡን የሚያስታውስ ነጋዴ ስለ ጥቅሙ ብዙ ማብራሪያ አይሻም።

ይሁን እንጂ ሬዲዮው ተራራ አይበሳም። ባቲ ከደጋው ወደ አፋር ቆላ በሚወርደው መንገድ ላይ፥ በኮረብታዎች መካከል ያለች ከተማ ናት። ስለዚህ ወደ ኮምቦልቻም ሆነ ወደ ሚሌ መልእክት ለማድረስ የሚሻ ሰው፥ በየከፍታው እርስ በርሳቸው የሚተያዩ አስተላላፊዎችን ካልተከለ በገበያው መካከል ያኖረው መሣሪያ ከንቱ ወጪ ይሆንበታል።

ሌላው ችግር የፊደላችን ነው። አንድ መልእክት የሚይዘው ከ200 ጥቂት የሚበልጥ ባይት ብቻ ነው፤ የላቲን ፊደል አንድ ባይት ሲወስድ የእኛ ግን ሦስት ይወስዳል። በአማርኛ የሚላከው እንግዲህ 70 ፊደል ያህል ነው። የእኛ ሰላምታ ብቻ ይህን ይጨርሰዋል! በቴሌግራም ዘመን የውጭ አገር ነጋዴዎች በየቃሉ ይከፍሉ ስለነበር የምሥጢር ቃላት መጽሐፍ ይዘው ይጻጻፉ ነበር። እኛም ለምሳሌ «ፍ 20 ሰ» ማለት «ሃያ ፍየል ለሰኞ አዘጋጅ» እንዲሆን ከደንበኛ ጋር አስቀድሞ መስማማት እንችላለን።

ከሁሉ የሚበልጠው የእምነት ነገር ነው። በዳጉ ሰሚው «ራስህ አይተሃልን ወይስ ሰምተህ ነው?» ብሎ ይመረምራል፤ መሣሪያው ግን አይመረምርም። ሲገዛ አብሮት የሚመጣው የጋራ መሥመር ቁልፍም በሁሉ ዘንድ የታወቀ ነው፤ የራሱን ቁልፍ ያላበጀ ነጋዴ ዋጋውን ለተወዳዳሪው ያነባል። መልእክቱ መድረሱም ዋስትና ስለሌለው፥ የደንበኛው መልስ ሳይመጣ ዕቃ መጫን አይገባም።

መሣሪያውን ለማስመጣት የሚያስብ ሰውም ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት የትኛው የሬዲዮ ሞገድ እንደተፈቀደ ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ይጠይቅ።