ወደ ሐዋሳ የመጀመሪያ ጉዞ
(የቡታጅራ አዛውንት ሾፌርና የወልቂጤ ወጣት ምልልስ)

ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነፃነቷን ካወጀች ወዲህ ኢትዮጵያ የባሕር ጠረፍ የላትም። «ውሃ ዳር ወጣ ብሎ መዝናናት» ሲባልም ለብዙ ሰው የሚታሰበው የስምጥ ሸለቆ ሐይቅ ነው። ከነዚህ ሐይቆች ዳር ካሉ ከተሞች በመዝናኛነት ስሟ የገነነው ሐዋሳ ናት።

ወጣቱ፦ ጋሼ፣ ከወልቂጤ ሐዋሳ ለመሄድ የግድ አዲስ አበባ መግባት አለብኝ?

አዛውንቱ፦ የለብህም። አዲስ አበባ 158 ኪሎ ሜትር ሄደህ፣ ከዚያ ወደ ሐዋሳ ሌላ 275 ኪሎ ሜትር ይቀርሃል፤ ዙሪያ ጥምጥም ነው። በሆሳዕና ወርደህ፣ በሃላባ አድርገህ ሻሸመኔ ብትወጣ ያጥርልሃል። ከኛ ከቡታጅራ የሚነሳ ሰው ደግሞ ዝዋይ ወርዶ ዋናውን የሐዋሳ መንገድ ይይዛል። ከሻሸመኔ በኋላ ሐዋሳ ቅርብ ናት፣ 25 ኪሎ ሜትር ያህል። ግን መኪና የሚቀያየርበት መንገድ ስለሆነ በጠዋት መናኸሪያ ካልተገኘህ ሆሳዕና ላይ ይመሽብሃል። ከመነሳትህ በፊትም ሾፌሮቹን ስለ መንገዱ ሁኔታ ጠይቅ፤ ከነሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

ወጣቱ፦ መቼ ብሄድ ይሻላል?

አዛውንቱ፦ ሰው ሁሉ ሆቴል ጠይቆ ነው ቀን የሚቆርጠው፤ መቅደም ያለበት ቀኑ ነው። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 የሐዋሳ ቅዱስ ገብርኤል ይነግሣል፤ ከየአገሩ ምእመን ስለሚጎርፍ አልጋ በወትሮው ዋጋ አይገኝም። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፊቼ ጨምበላላም አለ። በዩኔስኮ መዝገብ የገባው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ቀኑን ኮከብ የሚያዩ አዋቂዎች ስለሚወስኑት በየዓመቱ ይለዋወጣል፤ በዓሉን ማየት ከፈለግህ አስቀድመህ አጣራ፣ ጸጥታ ከፈለግህ ሌላ ጊዜ ሂድ። መስቀልን ደግሞ እንኳን አንተ፣ መርካቶ ያለው ጉራጌ ሁሉ አገር ቤት ነው የሚውለው። ስለዚህ ከታኅሣሥ 19 ሰሞን በቀር ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው በጋ ይስማማሃል።

ወጣቱ፦ ማረፊያስ? ሐይቁ ዳር ካላደርኩ ምን አየሁ ይባላል?

አዛውንቱ፦ ሐይቁ ዳር እንደ ኃይሌ ገብረሥላሴና እንደ ሌዊ ያሉ ሪዞርቶች አሉ፤ አቅም ካለህ መልካም። ከሌለህ ግን ከሐይቁ ራቅ ያለ ፔንሲዮን ይዘህ በባጃጅ ብትመላለስ የሚቀርብህ ነገር የለም። ፍቅር ሐይቅ በሚባለው ዳርቻ ላይ ሁሉም ሰው እኩል ነው የሚቀመጠው።

ወጣቱ፦ እንግዲህ እዋኛለሁ።

አዛውንቱ፦ ይሄ ላይ እንስማማ። የባሕር ውሃ ጨው ነው፤ የሐዋሳ ሐይቅ ግን በላይ የሚወጣ ወንዝ ሳይኖረው ጣፋጭ ነው። ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል፤ ውሃው በምድር ውስጥ ለውስጥ እየሰረገ ስለሚወጣ ጨው አይጠራቀምበትም ይባላል። ጣፋጭ በመሆኑም ቀንድ አውጣ ይራባበታል፤ ቀንድ አውጣው ደግሞ ቢልሃርዚያ ያስተላልፋል። በሽታው ውሃውን ሳትጠጣው በቆዳህ በኩል ይገባል። በዚያ ላይ ጉማሬ አለበት። መዋኘት ካማረህ የሆቴል ገንዳ አለልህ።

ወጣቱ፦ ታዲያ ከሐይቁ ምን ቀረልኝ?

አዛውንቱ፦ ጠዋቱ! ከሰዓት በኋላ ንፋስ ተነስቶ ውሃው ይናወጣል፤ ጀልባ የሚያምረው ማለዳ ነው። ከመሳፈርህ በፊት ዋጋ ተስማማ፣ የመንሳፈፊያ ጃኬት ከሌለ አትውጣ። ከዚያ አሞራ ገደል ሂድ፤ ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን ይዘው ሲገቡ፣ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ እዚያው እግራቸው ሥር ትርፍራፊ ሲጠብቅ ታያለህ። ቆሮሶና አምባዛ እዚያ ነው የሚሸጠው።

ወጣቱ፦ ጥሬውን በዳጣ ይበሉታል አሉ።

አዛውንቱ፦ ይበላል። ክትፎ የለመደ ሰው ሆዴ ይችለዋል ብሎ ይገምታል፣ ነገር ግን ከዚህ ሐይቅ በተያዘ ዓሣ ላይ ጥገኛ ትል ተገኝቷል፤ ጥብሱን ብላ። በጾም ወራት ፈላጊው ስለሚበዛ ዋጋው ይወደዳል። ወደ ማታ ታቦር ተራራ ላይ ውጣ፣ ከተማውና ሐይቁ ባንዴ ይታያሉ፤ ሳይጨልም ግን ውረድ።

ወጣቱ፦ ስንት ቀን ይበቃኛል?

አዛውንቱ፦ ሁለት ሌሊት። አንዱን ቀን የመንገዱ ድካም ይበላዋል። መመለሻህን እሑድ ከሰዓት አታድርገው፤ በእረፍት ቀን የወጣው ሁሉ በዚያ ሰዓት ነው የሚመለሰው፣ ሻሸመኔ ላይም መኪና ትጠብቃለህ። ሰኞ በማለዳ ብትነሳ ወልቂጤ በብርሃን ትገባለህ።