ማውሱ ለልጅቷ ወይስ ልጅቷ ለማውሱ?

ባለፈው የማስተማር ልምምዳችን ሐይቅ አካባቢ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ተመድበን ነበር። አንዲት የ7ኛ ክፍል ተማሪ ማውሱን በግራ እጇ ይዛ ጠቋሚውን ወደፈለገችበት ታደርሳለች፤ ስትጫን ግን ያልፈለገችው ዝርዝር ይከፈትባታል። እኛም «በቀኝ እጅሽ ያዢ!» አልናት። ልጅቷ ተሸማቃ ማውሱን ለጓደኛዋ ሰጠች፤ ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅም አልነካችውም።

ማታ ስንወያይበት ጥፋቱ የማን እንደሆነ ገባን። ግራኝ መሆን ጥፋት አይደለም። ያጠፋነው እኛ ነን፤ መፍትሔው'ኮ ግማሽ ደቂቃ የማይፈጅ ነበር። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን ሁለት ነገሮችን እናያለን። ይኸውም፣ አንደኛ ማውስን ለተጠቃሚው እጅ ማስተካከል፣ ሁለተኛ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ሌላ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ማሠራት ነው።

ሀ. ማውስን ስለ ማስተካከል

የመጀመሪያው ማውስ እ.ኤ.አ. በ1964 ካሊፎርኒያ በሚገኘው የስታንፎርድ የምርምር ተቋም ተሠራ። ሐሳቡ የዳግላስ ኢንግልባርት ሲሆን፣ የሠራው ደግሞ ባልደረባው ቢል ኢንግሊሽ ነው። ከእንጨት የተሠራ ትንሽ ሣጥን ነበር፤ ከሥሩ ሁለት ጎማ፣ ከላዩ አንድ ቁልፍ ነበረው። ለሕዝብ የታየው ታኅሣሥ 9 ቀን 1968 እ.ኤ.አ. ሳንፍራንሲስኮ ውስጥ ነው። እንግዲህ ከመነሻው የሰው እጅ የሠራው፣ ለሰው እጅ የታሰበ መሣሪያ መሆኑን ልብ ይሏል።

ማስተካከያ ፕሮግራም ፍለጋ ከመሮጣችን በፊት ኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለውን እንመልከት። በዊንዶውስም ሆነ በሊኑክስ፣ ሴቲንግ ውስጥ ማውስ የሚለውን ስንከፍት የሚከተሉትን እናገኛለን።

1. የግራና የቀኝ ቁልፍ ማለዋወጫ። ለግራኝ ተማሪ የሚያስፈልገው ይኸው ነው።
2. የጠቋሚው ፍጥነት። ለጀማሪ ቀስ ያለ ይሻላል።
3. የዳብል ክሊክ ፍጥነት። ጣቱ ለዘገየ ልጅ ወይም ለአዛውንት ዝቅ እናደርገዋለን።
4. የጠቋሚው መጠን። ዓይኑ ለደከመ ሰው ከፍ እናደርገዋለን።

ማውሱ ጭራሽ ቢበላሽስ? አብሽሩ፤ በዊንዶውስ የግራውን አልት፣ የግራውን ሺፍትና ነም ሎክን በአንድነት ብንጫን፣ ጥያቄውንም ብንቀበል፣ በቀኝ በኩል ባሉት የቁጥር ቁልፎች ጠቋሚውን ማንቀሳቀስ እንችላለን።

ይህ ካልበቃ ተጨማሪ ፕሮግራም ይመረጣል። ለምሳሌ ኤክስ ማውስ በተን ኮንትሮል የተባለው ለእያንዳንዱ ቁልፍ፣ እንደየፕሮግራሙ የተለያየ ሥራ ለመስጠት ያስችላል። አውቶሆትኪ ደግሞ ትእዛዝ ጽፈን እንደፈለግን የምናዝዘው ነው፤ ነገር ግን መማርን ይጠይቃል። ሁለቱም በነፃ የሚገኙ ቢሆኑም የሚሠሩት በዊንዶውስ ላይ ነው።

በመሆኑም ፕሮግራም ስንመርጥ እነዚህን ጥያቄዎች እንጠይቅ፦ ሥራውን ኮምፒዩተሩ ራሱ አይሠራውም ወይ? ከራሱ ከአዘጋጁ ነው ወይስ ከማይታወቅ ፍላሽ ላይ የተገለበጠ? ከእኛ ቀጥሎ የሚቀመጠውስ ሰው ይቸገርበት ይሆን? የጋራ ኮምፒዩተር ላይ የለወጥነውን ስንነሣ መመለስ ተገቢ ነው።

ለ. ሌላ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ስለ ማሠራት

ለምን አስፈለገ? እንደሚታወቀው ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ማከማቻና ቲ.ፒ.ኤም. 2.0 የሚባል የደኅንነት ክፍል ይጠይቃል። ብዙ አሮጌ ኮምፒዩተሮች ይህን አያሟሉም። ታዲያ ይጣሉ? አይጣሉም። ሊኑክስ ሚንት በ2 ጊጋባይት ራምና በ20 ጊጋባይት ማከማቻ ሊጫን ይችላል፤ ራሙ 4 ቢሆን ግን ይመረጣል። ሊኑክስን እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ሊነስ ቶርቫልድስ ያኔ የ21 ዓመት የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። የእኛ እኩያ ማለት ነው!

መንገዶቹ አራት ናቸው።

አንደኛው በፍላሽ ማስነሣት ነው። ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ፍላሽ ላይ ይዘጋጅና ኮምፒዩተሩ ከዚያ ይነሣል። ድንኳን ይዞ እንደመጣ መንገደኛ ነው፤ አድሮ ይሄዳል፣ የቤቱን ዕቃ አይነካም። ይዘገያል፤ ለመሞከር ግን ከሁሉ ይሻላል።

ሁለተኛው ጎን ለጎን መጫን ነው። አንድ ግቢ ለሁለት ተከራይ እንደ ማካፈል ሲሆን፣ ኮምፒዩተሩ ሲነሣ በየትኛው እንደምንገባ ይጠይቀናል። ሁለቱም በሙሉ ጉልበት ይሠራሉ፤ ነገር ግን ባንድ ጊዜ አይሠሩም።

ሦስተኛው ቨርቹዋል ማሽን ነው። እንደ ቨርቹዋል ቦክስ ያለ ፕሮግራም በዊንዶውስ ውስጥ ሌላ ኮምፒዩተር ያለ ያስመስላል። ባለቤቱና እንግዳው ከአንድ መሶብ ስለሚበሉ ራም ካነሰ ሁለቱም ይራባሉ፤ 8 ጊጋባይት ቢኖር መልካም ነው። እዚህ ላይ ያጋጠመንን ሳንጠቅስ አናልፍም። ማውሳችን እንግዳው ቤት ገብቶ አልወጣም አለን! ኮምፒዩተሩን ልናጠፋው ስንል የቀኙን ኮንትሮል መጫን እንደሚያስወጣው ተረዳን።

አራተኛው ዋይን ነው። ይህ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሳይሆን እንደ አስተርጓሚ ነው። አንዳንድ የዊንዶውስ ፕሮግራሞችን ሊኑክስ ላይ ያሠራል፤ ሁሉንም ግን አይደለም።

አሁን ስሕተታችንን እንናገር። ጎን ለጎን ለመጫን ስንነሣ ጥያቄውን በደንብ ሳናነብ ዲስኩን በሙሉ የሚያጠፋውን መረጥን። የሦስት ጓደኞቻችን የትምህርት ዕቅድ አብሮ ጠፋ። የኮምፒዩተር ክፍሉን የሚጠብቁት ጋሼም «ልጆቼ፣ ቤት ከማፍረስ በፊት'ኮ ዕቃ ይወጣል» አሉን። አልተቆጡንም፤ ቢቆጡን ይሻለን ነበር። ዕቅዶቹን ሦስት ሌሊት ቁጭ ብለን እንደገና ጻፍን። እንግዲህ ሕጉ ይህ ነው፦ አስቀድሞ ፋይልን ወደ ሌላ ቦታ መገልበጥ፣ የተገለበጠውም ከፍቶ መታየቱን ማረጋገጥ፣ ባለቤቱን ማስፈቀድ፣ ከዚያ መጫን።

የአማርኛ ጽሕፈትስ? በሐይቅ እስጢፋኖስ በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዓ ሲያስተምሩ ፊደሉ በብራና ላይ ይጻፍ ነበር። ዛሬም ወደ ሊኑክስ ስንሻገር ፊደላችን አይቀርም። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ውስጥ ስለገባ፣ በዩኒኮድ የተጻፈ ፈተና በሁለቱም ላይ ይነበባል። ኪይማን የተባለው የመጻፊያ ፕሮግራምም በነፃ ለሁለቱም አለ። ችግር የሚፈጥሩት ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት የፊደል ቅርጾች የተጻፉ ጽሑፎች ናቸው፤ ቅርጹ የሌለበት ኮምፒዩተር ላይ ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናሉ።

በአጠቃላይ፣ ለመሞከር ፍላሽ፣ ለማስተማሪያ ሠርቶ ማሳያ ቨርቹዋል ማሽን፣ ለአቅመ ደካማ ኮምፒዩተር ቀላል ሊኑክስ ይመረጣል እንላለን።

በሚቀጥለው ሳምንት ተማሪዋ ከመግባቷ በፊት ቁልፎቹን ለዋወጥንላት። አንድም ቃል ሳንናገር ማውሱን ከግራዋ አስቀመጥን። ደወሉ ሲደወል ያልተነሣችው እርሷ ብቻ ነበረች።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. በክፍላችሁ ስንት ግራኝ አለ? ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?
2. 4 ጊጋባይት ራም ላለው ኮምፒዩተር ከአራቱ መንገዶች የትኛውን ትመርጣላችሁ? ለምን?
3. ከመጫን በፊት መደረግ ያለባቸውን በቅደም ተከተል ጻፉ።