የኤክስካቫተር የኤሌክትሮኒክ መገናኛ መስመር ብልሽትን ለይቶ ማወቅ

1. መግቢያ

በሁሩታም ሆነ በሌሎች የአርሲ ደጋማ አካባቢዎች ለመስኖ ቦይ፣ ለኩሬና ውሃ የሚተኛበትን ጥቁር አፈር ለማጠንፈፍ ቁፋሮ ሲያስፈልግ የሥራው ጊዜ አጭር ነው። ስንዴው ተሰብስቦ ማሳው ከተለቀቀ በኋላ የበልግ ዝናብ መሬቱን እስኪያረጥበው ድረስ ያሉት ጥቂት ሳምንታት ብቻ ናቸው። በእነዚህ ሳምንታት ኤክስካቫተሩ ከቆመ ቦዩ በግማሽ ይቀራል፤ የኪራዩም ሒሳብ ያለ ሥራ ይቆጠራል።

በዘመናዊ ኤክስካቫተር ላይ ከሚያጋጥሙት ችግሮች አንዱ በጋቢናው ስክሪን ላይ «መገናኛ የለም» የሚል ምልክት ወይም ኮድ መታየቱ ነው። ሞተሩ ነዳጅ ቢሰጠውም አይጨምርም፣ የሙቀትና የነዳጅ መለኪያዎች ይጠፋሉ፣ ወይም ቡሙና ባኬቱ ይዘገያሉ። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ፍርድ «ኮምፒዩተሩ ተቃጥሏል» የሚል ነው። ኮምፒዩተር ውድ ነው፤ ተገዝቶ እስኪመጣም ወቅቱ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ኮምፒዩተሩ ከመለወጡ በፊት ባትሪው፣ ፊውዙ፣ ሶኬቱና ሽቦው መመርመር እንዳለባቸው በዚህ ጽሑፍ እናስረዳለን። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ተራ ቴስተር ነው።

2. የመገናኛ መስመሩ አሠራር

በቀድሞ መኪናዎች ለእያንዳንዱ መለኪያ የራሱ ሽቦ ይዘረጋ ነበር። በአሁኖቹ ግን የሞተሩ ኮምፒዩተር፣ የሃይድሮሊክ ፓምፑ ኮምፒዩተርና የጋቢናው ስክሪን እርስ በርስ በተገመዱ ሁለት ሽቦዎች ይነጋገራሉ። ዘዴው «ካን» ይባላል። የጀርመኑ ቦሽ ኩባንያ በ1986 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረገው ሲሆን፣ በከባድ መኪናዎች ላይ በብዛት የሚሠራበት «ጄ1939» በሚባለው ደንብ መሠረት ነው።

አሠራሩ በዋርካ ሥር ከተቀመጡ ሽማግሌዎች ጉባኤ ጋር ይመሳሰላል። አንዱ ሲናገር ሁሉም ይሰማል። ሁለት በአንድ ጊዜ ቢጀምሩ ቅድሚያ ያለው ይቀጥላል፤ ሌላው ይታገሣል። ነገር ግን አንዱ ያለማቋረጥ ቢጮህ ማንም ማንንም አይሰማም። አንድ የተበላሸ ክፍል ጠቅላላውን መስመር የሚያቆመው በዚህ ምክንያት ነው።

በመስመሩ ሁለት ጫፎች ላይ እያንዳንዳቸው 120 ኦም የሆኑ ማክተሚያዎች አሉ። ሥራቸው መልእክቱ ጫፍ ደርሶ እንደ ገደል ማሚቶ እንዳይመለስ ማድረግ ነው።

3. ከመለካት በፊት

ሀ. ኮዱን መጻፍ። ኮዱ ብዙውን ጊዜ የሚናገረው ድምፁ ያልተሰማውን ክፍል እንጂ የተበላሸውን አይደለም። አንድ ክፍል ብቻ ከጠፋ ወደዚያ ክፍል የሚሄደውን ኤሌክትሪክና ሶኬት መመርመር ይገባል። ሁሉም ከጠፉ ችግሩ በዋናው መስመር ወይም በጋራ ኤሌክትሪክ ላይ ነው ብሎ መጀመር ይሻላል።

ለ. ኦፕሬተሩን መጠየቅ። መኪናው በግፊት ውሃ ታጥቧል? የባኬቱ ጥርስ ተበይዷል? ባትሪ ተለውጧል? ከሌላ መኪና ኤሌክትሪክ ተወስዶ ተነሥቷል? ለረጅም ጊዜ ቆሞ አይጥ ገብቶበታል? ከእነዚህ ለአንዱ የሚሰጠው መልስ የምርመራውን ቦታ ሊያሳይ ይችላል።

ሐ. ባትሪውን መለካት። በ24 ቮልት የሚሠራ መኪና ሞተሩ ጠፍቶ 25 ቮልት ያህል፣ ሞተሩ ሲሠራ ደግሞ ከ27 እስከ 28.5 ቮልት ያህል ማሳየት አለበት። ባትሪ ሲደክም ወይም የኔጋቲቩ ገመድ ከሻሲው ጋር በደንብ ካልተያያዘ ኮምፒዩተሮቹ ዝም ይላሉ፤ ነገር ግን አልተበላሹም።

ማስጠንቀቂያ፦ ባኬቱ መሬት ላይ ይቀመጥ፤ ሞተሩ ይጥፋ፤ የደኅንነት ማንሻው ይቆለፍ፤ ቁልፉ ይነቀል። ኮምፒዩተሮቹ እስኪጠፉ ጥቂት ደቂቃ ከተጠበቀ በኋላ የባትሪው ኔጋቲቭ ይፈታ። ኤሌክትሪክ ባለበት መስመር ላይ ኦም መለካት አይገባም።

4. በቴስተር መለካት

ቴስተሩን ኦም ላይ አድርጎ በመመርመሪያው ሶኬት ላይ በሁለቱ የመገናኛ ሽቦዎች መካከል መለካት ነው። በጄ1939 ደንብ ከፍተኛው ሽቦ ቢጫ፣ ዝቅተኛው አረንጓዴ ነው። ሆኖም ፋብሪካዎች ሌላ ቀለም ስለሚጠቀሙ የመኪናውን የሽቦ ሥዕል መመልከት ያስፈልጋል።

– 60 ኦም ያህል፦ ሁለቱም ማክተሚያዎች አሉ።
– 120 ኦም ያህል፦ አንዱ ማክተሚያ ጠፍቷል ወይም ሽቦው መሐል ላይ ተበጥሷል።
– 40 ኦም ያህል፦ ትርፍ ማክተሚያ ገብቷል።
– ወደ 0 የተጠጋ፦ ሁለቱ ሽቦዎች ተነካክተዋል።

60 ኦም መገኘቱ ብቻውን በቂ አይደለም። እያንዳንዱ ሽቦ ከሻሲው ጋር እንዳልተነካካ ለብቻው መለካት አለበት። ከዚያም ባትሪው ተመልሶ ከታሠረና ቁልፉ ከተከፈተ በኋላ ቮልት ይለካል። ከሻሲው አንጻር ከፍተኛው ሽቦ ከ2.5 እስከ 3 ቮልት፣ ዝቅተኛው ከ2 እስከ 2.5 ቮልት ያህል ያሳያሉ። የሁለቱ ድምር ወደ 5 ቮልት ይጠጋል። አንደኛው 0 ወይም 24 ቮልት ካሳየ ሽቦው ከሻሲ ወይም ከባትሪ መስመር ጋር ተገናኝቷል ማለት ነው።

5. ብልሽቱ ያለበትን ቦታ መለየት

መለኪያው ጉድለት ካሳየ ቁልፉን እየዘጉ ክፍሎቹን አንድ በአንድ ከሶኬታቸው መንቀልና በየጊዜው እንደገና መለካት ነው። አንዱ ሲነቀል መስመሩ ከተስተካከለ ብልሽቱ በዚያ ክፍል ወይም ወደ እርሱ በሚሄደው ሽቦ ላይ ነው። ማክተሚያው በኮምፒዩተሩ ውስጥ የሆነ መኪና ስላለ ግን፣ ያ ኮምፒዩተር ሲነቀል 120 ኦም መታየቱ ብልሽት አይደለም። በአንዳንድ መኪና ላይ ከአንድ በላይ መስመር ስለሚኖር እያንዳንዱ ለየብቻ ይለካ።

ብልሽቱ የሚመጣና የሚሄድ ከሆነ ቴስተሩ እንደተያያዘ ሽቦውን በየቦታው ማነቃነቅ ይጠቅማል። በተለይ ከሻሲ ጋር የሚፋተግበት፣ ከጋቢናው ሥር የሚያልፍበትና ከሞተሩ አጠገብ የሚታጠፍበት ቦታ በጥንቃቄ ይታይ። ሶኬቶቹ ተከፍተው አረንጓዴ ዝገት፣ ውሃ ወይም የታጠፈ እግር እንዳለ ይመርመሩ።

6. ጥገናና መከላከል

ሀ. የተበጠሰ ሽቦ ሲቀጠል የሁለቱ ሽቦዎች ግምድ እንደነበረ ይጠበቅ፤ ውሃ በማያስገባ መሸፈኛም ይዘጋ። በእጅ ጠምዝዞ በፕላስተር መጠቅለል ለጥቁር አፈር ጭቃ አይበጅም።
ለ. ከብየዳ በፊት የባትሪው ኔጋቲቭ ይፈታ፤ ፋብሪካው የሚያዘውም ካለ የኮምፒዩተሮቹ ሶኬቶች ይነቀሉ። የብየዳው ኔጋቲቭ ከሚበየደው ቦታ አጠገብ ይታሠር።
ሐ. የግፊት ውሃ በሶኬትና በኮምፒዩተር ላይ አይረጭ።
መ. መኪናው ለክረምት ሲቆም ከእህል ጎተራ ራቅ ይበል፤ ሽቦውም ከሥራ በፊት ይታይ።

7. ማጠቃለያ

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ ሳይለካ የሚገዛ ኮምፒዩተር ገንዘብንም ወቅትንም ይወስዳል። ኮምፒዩተር የሚለወጠው ኤሌክትሪኩ፣ ኔጋቲቩ፣ ሶኬቱና ሁለቱ ሽቦዎች ደኅና መሆናቸው ተለክቶ ሲረጋገጥ ብቻ ነው። ኪራይ የሚከፍሉ ገበሬዎችም መካኒኩን «ስንት ኦም አገኘህ?» ብለው እንዲጠይቁ እንመክራለን። በስንዴ አጨዳ ወቅት የሚመጡ፣ ይህንኑ መስመር የሚጠቀሙ ዘመናዊ ኮምባይነሮችም በዚሁ መንገድ ሊመረመሩ ይችላሉ።