ሰው የሚጎበኘው የገበሬ ቤት

ለማየት ብቻ ወንዝ የሚወርድ ከእኛ መካከል ማን አለ? የምንወርደው ከብት ለማጠጣት ነው። በእንግሊዝ አገር ግን ብዙ ሰዎች የዕረፍት ቀናቸውን ስቱር የሚባለውን ወንዝ ተከትለው በእግር ሲጓዙ ያሳልፋሉ። የሚያዩትም ቤተ መንግሥት እንዳይመስለን፤ መስክ፣ የድሮ ወፍጮና የዊሊ ሎት የተባለ ገበሬ ቤት ነው።

አካባቢውን ያስታወቀው ሠዓሊው ጆን ኮንስታብል ነው። አባቱ ባለወፍጮ ነበሩ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1821 የሣለውን ሥዕል እንመልከት። ፈረሶች የሚስቡት ጋሪ ወንዙ ውስጥ ገብቷል። አንዲት ሴት ውኃው ዳር አጎንብሳለች። ማዶ ሣር ያጭዳሉ። ሥዕሉ ዛሬ ለንደን ይገኛል፤ ቤቱም እስካሁን አለ።

ሥዕሉስ ያማረ ነው። ታዲያ በ1822 በዚያው አውራጃ የእርሻ ሠራተኞች ሥራ ያሳጣቸውን የእህል መውቂያ መኪና ሰብረው ነበር። ይህ እዚያ ላይ አይታይም። እኛ ብንሄድ ቤቱን አይተን የእነሱንም ኑሮ እንጠይቅ ነበር።