የዙሉ ሰዋስው ለአማርኛ ተናጋሪ፦ የመጀመሪያ ትምህርት

ጆሃንስበርግ ውስጥ የክፍላችን ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው። ከክፍል ስንወጣ፣ ታክሲ ውስጥም ሆነ ሆስፒታል፣ ብዙ ጊዜ የምንሰማው ግን ዙሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ መሠረት ከደቡብ አፍሪካ ሕዝብ ሩብ ያህሉ ቤቱ ውስጥ የሚናገረው ዙሉን ነው።

ነርሲንግ ስለምማር ጉዳዩን የማየው ከታካሚ በኩል ነው። አንዲት እናት እንግሊዝኛ ካልቻለች የሚያስተረጉምላት ልጇ ወይም አጠገቧ የተኛች ሴት ትሆናለች። ልጇ እንዲሰማባት የማትፈልገውን ነገር ደግሞ ሳትናገር ትቀራለች። ጥቂት ዙሉ መቻል ይህንን ያቃልላል። ደስ የሚለው ነገር፣ አማርኛ የሚችል ሰው ከዙሉ ሰዋስው የተወሰነውን ሳያውቀው ይዞት መጥቷል።

1. አነባበብ

ዙሉ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ስለሆነ እንግሊዝኛ የለመደ ዓይን ይሳሳታል። የ“ፒ” እና የ“ኤች” ፊደላት አብረው ሲመጡ “ፍ” አይደሉም፤ “ፕ” ናቸው። “ቲ” እና “ኤች” ሲጣመሩም “ት” ብቻ ነው። ብቻቸውን የቆሙት “ፒ” እና “ቲ” ደግሞ ወደ እኛ “ጵ” እና “ጥ” ይጠጋሉ። እንግሊዝኛ ብቻ የሚያውቅ ሰው እነዚህን ለመለየት ይቸገራል፤ እኛ ግን “ጠላ”ን ከ“ተላ” እየለየን አድገናል። ከዚህ በታች “ህል” ብዬ የጻፍኩት አየሩ በምላስ ጎን እንዲወጣ ተደርጎ ይነበባል።

2. ግሱ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው

“እረዳሻለሁ” የሚለውን ቃል እንመልከት። “እ” ረጂዋን እኔን ያመለክታል፣ “ረዳ” ድርጊቱን፣ “ሽ” የምትረዳውን አንቺን። በእንግሊዝኛ ሦስት ቃል የሚፈልገውን በአንድ ቃል ጨረስነው። ዙሉም እንደዚሁ ነው፦

ንጊ-ያ-ኩ-ሲዛ = እረዳሃለሁ፣ እረዳሻለሁ

“ንጊ” እኔ፣ “ኩ” አንተን ወይም አንቺን፣ “ሲዛ” መርዳት ነው። ልዩነቱ ተሳቢው በአማርኛ ከግሱ ኋላ፣ በዙሉ ከግሱ ፊት መምጣቱ ነው። ለብዙ ሰው ከሆነ “ኩ” ወደ “ኒ” ይለወጣል። “ያ” የአሁን ጊዜ ምልክት ሲሆን ግሱ የዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ሲሆን ይታያል፦ “ንጊያሴቤንዛ” (እሠራለሁ)። ቦታው ከተከተለ ግን ይወድቃል፦ “ንጊሴቤንዛ ኤሲቤድሌላ” (ሆስፒታል እሠራለሁ)።

አሉታውም ያው የምናውቀው ነው። እኛ “አልበላም” ስንል ግሱን በ“አል” እና በ“ም” ከሁለት ወገን እንይዘዋለን። ዙሉም ፊቱ ላይ “አ”፣ መጨረሻው ላይ “ኢ” ያደርጋል፦

ንጊያድላ = እበላለሁ
አንጊድሊ = አልበላም

ፆታ ግን ግሱ ላይ የለም። “ኡያድላ” ይበላል ወይም ትበላለች ማለት ነው። “ትበላለህ” እና “ትበያለሽ”ም ሲጻፉ ያው ናቸው፤ የሚለያቸው የድምፅ ከፍታና ዝቅታ ነው። ስለ ታካሚ ምግብ ስትጠይቁ ማንን እንደምታወሩ ስሙን አብራችሁ ጥሩ።

3. አዲሱ ነገር፦ የስም ምድቦች

እኛ ስሞችን ወንድና ሴት ብለን በሁለት እንከፍላለን። ዙሉ ከአሥር በላይ ምድቦች አሉት፤ ምድቡ የሚታወቀውም በቃሉ መነሻ ነው። “ኡሙንቱ” ሰው፣ “አባንቱ” ሰዎች ናቸው። ብዙ ሰው የሚያውቀው “ኡቡንቱ”ም ከዚሁ ሥር የመጣ ነው፤ እዚያ ላይ “ኡቡ” የእኛን የ“ደግነት” “ነት” ይመስላል።

ምድቡ ከስሙ አልፎ የሚከተሉትን ቃላት ሁሉ ይገዛል። “ያመኛል” ለማለት፦

ራሴን፦ ኢካንዳ ላሚ ሊቡህሉንጉ
ሆዴን፦ ኢሲሱ ሳሚ ሲቡህሉንጉ
እግሬን (ቅልጥሜን)፦ ኡምሌንዜ ዋሚ ኡቡህሉንጉ
እግሮቼን (መርገጫዬን)፦ ኢዚኛዎ ዛሚ ዚቡህሉንጉ

“ላ-ሊ”፣ “ሳ-ሲ”፣ “ዋ-ኡ”፣ “ዛ-ዚ” እያላችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ሰንጠረዥ ከመሸምደድ ጆሮን ማስለመድ ይቀላል። ጥቅሙም አለው፦ ታካሚዋ የአካሉን ስም ቀስ ብላ ተናግራ ባይሰማችሁ እንኳ “ሲቡህሉንጉ” ካለች ከ“ኢሲ” ምድብ የሆነ አካል እንደሆነ ታውቃላችሁ።

“ጉንፋን ያዘኝ” እንደምንለውም ዙሉ ሕመም “ያዘኝ” ይላል። “ኡፔትዌ ዪኒ?” ማለት “ምን ያዘሽ?” ነው። መልሱ “ንጊፔትዌ ዪካንዳ” ከሆነ ራስ ምታት ይዟታል። “የቱ ጋ ያምሻል?” ለማለት “ኩቡህሉንጉ ኩፒ?” ይባላል።

4. አክብሮት

አማርኛ አንድን ትልቅ ሰው “መጡ” ሲል በብዙ ቁጥር ያከብራል። ዙሉም ለአንድ ሰው “ሳውቦና” ይላል፤ ትርጉሙ “አየንህ” እንደማለት ነው። ለብዙዎች “ሳኒቦናኒ” ይላል፤ ለአንድ ትልቅ ሰውም በዚሁ ሰላምታ መስጠት አክብሮት ነው። ቀጥሎ “ኡንጃኒ?” (እንዴት ነህ?) ሲባል መልሱ “ንጊኮና” ነው፤ ቃል በቃል የእኛው “አለሁ”። አሮጊቷን “ጎጎ”፣ አባትን “ባባ”፣ እናትን “ማማ”፣ እኩያን “ሲሲ” ወይም “ቡቲ” በሉ። በስም ብቻ መጥራት እንደ ቤታችን ያስነውራል።

እነዚህን ቅጥያዎች ትቶ ቃላቱን ብቻ መደርደርም ይቻላል። በከተማዋ ዙሪያ ባሉት የወርቅ ማዕድን ማውጫዎች “ፋናጋሎ” የሚባል ቅይጥ ቋንቋ ነበር። አብዛኛው ቃሉ ከዙሉ የተወሰደ ነው፤ የምድብ ስምምነቱ ግን የለበትም። አለቃ ሠራተኛን ሲያዝዝበት ስለኖረ ብዙ ጥቁር ደቡብ አፍሪካውያን እንደ ንቀት ይቆጥሩታል። እኛም ሱቅ ውስጥ የለቀምነውን “አምጣ፣ ውሰድ፣ ስንት” ይዘን ታካሚ አጠገብ ብንቆም ለጎጎ የሚሰማት ይኸው ትእዛዝ ነው። “ላሚ”ም ሆነ “ሳሚ” ትንሽ ቃል ናቸው፤ ለሰሚው ግን ቋንቋውን አክብራችሁ እንደተማራችሁ ይነግሩታል።

መልመጃ

ሀ. እጄን ያመኛል (እጅ “ኢሳንድላ” ነው)
ለ. አልሠራም
ሐ. እረዳችኋለሁ

መልስ፦ ሀ. ኢሳንድላ ሳሚ ሲቡህሉንጉ፤ ለ. አንጊሴቤንዚ፤ ሐ. ንጊያኒሲዛ።

ሦስቱንም ካገኛችሁ፣ በሚቀጥለው የሥራ ልምምድ ቀን መጀመሪያ “ሳኒቦናኒ፣ ጎጎ” በሉና ጀምሩ። ስትሳሳቱ እሷ ታርማችኋለች።