መርካቶ ውሎ የት ይታደራል?
በአዲስ አበባ ዙሪያ ትንሽ ከተማ ስለ መምረጥ

በጂኦግራፊ ትምህርት ስለ ወደብ ከተሞች ስናነብ ደጋግመን የምናገኘው ነገር አለ። በባሕር ዳር ትልቅ ከተማ የሚሠራ ሰው፣ አቅሙ ከፈቀደለት፣ ማደሪያውን ከወደቡ ጥቂት ራቅ ካለች ትንሽ ከተማ ማድረግ ይወዳል። የጅቡቲ ሰው ሙቀቱ ሲጠናበት 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል ከ700 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ወደምትገኘው ወደ አርታ ይወጣል። ከምጽዋ ወደ አሥመራ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ጊንዳዕም ከወደቡ ሐሩር ለሚሸሽ ሰው ነፋስ መቀበያ ናት።

እኛ ባሕር የለንም። ወደብ ግን አለን ለማለት ይቻላል፤ እሱም መርካቶ ነው። ጅቡቲ ላይ የተራገፈው ጨርቅ፣ ጫማ፣ ዕቃ ዕቃው ሁሉ አብዛኛው ዞሮ ዞሮ የሚፈታው እዚሁ ነው። ከዚህ ደግሞ ወደ ጎጃም፣ ወደ ወለጋ፣ ወደ ጅማ እንደገና ይጫናል። እንግዲህ የወደብ ከተማ ሰው የሚጠይቀውን ጥያቄ እኛም ብንጠይቅ አያስገርምም። መርካቶ ውሎ የት ይታደራል?

ይህን ርዕስ የመረጥነው ለወግ ያህል አይደለም። ከእኛ ከሠልጣኞቹ መካከል አዲስ ከተማና አካባቢዋ ያደግን ብዙዎች ነን። በየቤታችን ማታ ማታ የሚነሣው ወሬ ይኸው ነው፤ ኪራይ ጨመረ፣ ሰፈሩ ሊፈርስ ነው፣ እገሌ ቡራዩ ገባ፣ እነ እገሊት ሰበታ ሄዱ። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ሥራ በፒያሳና በሌሎች አካባቢዎች ከተጀመረ ወዲህ ወሬው በርትቷል። ከዚህም ሌላ እኛ ራሳችን ተመርቀን ስንወጣ አንዷ ትንሽ ከተማ ላይ ቤት መፈለጋችን አይቀርም።

ወደ ዋናው ነገር ከመግባታችን በፊት ስለ መርካቶ አቀማመጥ ጥቂት እንበል። ትልቁ ገበያ ቀድሞ የነበረው አራዳ፣ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። ጣሊያን አገራችንን በወረረበት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ የአገሬው ሰው ገበያ ወደ ምዕራብ ተገፍቶ አሁን ባለበት ቦታ ተተከለ። ስሙም ከዚያው የቀረ የጣሊያንኛ ቃል ነው፤ ገበያ ማለት ነው። ይህ «ወደ ምዕራብ» የሚለው ቃል ለጉዳያችን ዋና ነው። መርካቶ የከተማው መካከል ላይ አይደለም። ስለዚህ ከከተማው በሚወጡት አምስት ታላላቅ መንገዶች ላይ ያሉት ትንንሽ ከተሞች ለመርካቶ ሰው እኩል ቅርብ አይደሉም።

በአምቦ መንገድ፣ በአስኮ በኩል ሲወጡ ቡራዩ አለች፤ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ናት። አልፈው ሲሄዱ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ሆለታ ትገኛለች። በጅማ መንገድ በአየር ጤና በኩል ዓለም ገናና ሰበታ ናቸው፤ ሰበታ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በጎጃም መንገድ፣ በአዲሱ ገበያ አድርገው እንጦጦን ተሻግረው ሲወርዱ ሱሉልታ ሜዳ ላይ ይደርሳሉ። እነዚህ ሦስቱ መንገዶች ለመርካቶ የጓሮ በር እንደማለት ናቸው። ቀሪዎቹ ሁለቱ ግን ከተማውን ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ ይጠይቃሉ። በደሴ መንገድ ያሉት ለገጣፎና ሰንዳፋ በመገናኛ በኩል ናቸው። በአዳማ መንገድ ያሉት ገላን፣ ዱከምና ቢሾፍቱ ደግሞ በቃሊቲ በኩል ናቸው።

ሰው ሁሉ የሚመኘው ግን ቢሾፍቱን ነው። መቼም አይፈረድም! እነ ሆራ፣ ባቦጋያ፣ ኩሪፍቱ የመሳሰሉት ሐይቆች አሉ፤ አየሩ ለስላሳ ነው፤ ከፍታው 1900 ሜትር ገደማ ስለሆነ እንደ አዲስ አበባ ብርድ የለም። እዚህ ላይ አንድ አስገራሚ ነገር እናያለን። የወደብ ከተማ ሰው ሙቀት ሸሽቶ ወደ ላይ ይወጣል፤ የአዲስ አበባ ሰው ብርድ ሸሽቶ ወደ ታች ይወርዳል። ባሕር ዳር ለመኖር የሚመኝ የመርካቶ ልጅ በ45 ኪሎ ሜትር ርቀት የሚያገኘው ውኃ ዳርቻ ይኸው ነው።

ይሁን እንጂ 45 ኪሎ ሜትር የሚባለው ቁጥር አታላይ ነው። መንገዱ ከቃሊቲ ወዲያ ሳይሆን ከቃሊቲ ወዲህ ነው የሚከብደው። የአዲስ አዳማ የፍጥነት መንገድ ለባለ መኪናው ወዲያኛውን ክፍል አቅልሎለታል። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማው ቀላል ባቡርም በአውቶቡስ ተራ በኩል አድርጎ እስከ ቃሊቲ የሚደርስ መሥመር አለው፤ ይህ ለመርካቶ ሰው ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን ባቡሩን ጠብቆ፣ ተጋፍቶ፣ ቃሊቲ ወርዶ፣ እንደገና ሌላ መኪና መያዝ ያው ሁለት ጉዞ ነው። ሁለት ወረፋ ማለት ነው። ቡራዩ ላይ ያለ ሰው ግን ወረፋው ከቀናው በአንድ ወይም በሁለት ታክሲ አስኮን ይዞ መርካቶ ይገባል። በመሆኑም ርቀትን በኪሎ ሜትር ሳይሆን በወረፋ ብዛት መቁጠር ይሻላል እንላለን።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ቁጥሮቹ ለማስያ የወሰድናቸው ናቸው እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም። አንድ ቤተሰብ መርካቶ አጠገብ ለአንድ ክፍል 6000 ብር ይከፍላል እንበል። ትንሿ ከተማ ላይ ተመሳሳዩ ክፍል 3500 ብር ሆነ። በወር 2500 ብር ተረፈ፤ ደላላውም «በግማሽ ዋጋ» እያለ ይምላል። አባትና አንድ ልጅ በየቀኑ ይመላለሳሉ። ለሁለቱ የትራንስፖርቱ ጭማሪ በቀን 100 ብር ቢሆን በ26 ቀን 2600 ብር ነው። ትርፉ የት ሄደ? 100 ብር ጎደለ። ይህ ገና ገንዘቡ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው በደርሶ መልስ 3 ሰዓት ቢጨምር በ26 ቀን 78 ሰዓት ይሆናል፤ በቀን 8 ሰዓት ሥራ ቢታሰብ ወደ 10 የሥራ ቀን መሆኑ ነው። አባትየው ይህን ችሎ ይኖር ይሆናል። ልጁስ?

ለመምህርነት የምንሠለጥን ሰዎች ዋናው ጉዳያችን እዚህ ላይ ነው። በማስተማር ልምምድ ወቅት በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ራሱን ዴስክ ላይ ጥሎ የሚያንቀላፋ ልጅ ያላየ ከመካከላችን የለም። ሰነፍ ነው ብሎ መደምደም ቀላል ነው። ቀርበን ስንጠይቅ ግን ከእነዚህ ልጆች አንዳንዶቹ ቤተሰባቸው ከከተማ ወጥቶ ትምህርት ቤታቸው ብቻ መርካቶ የቀረ ናቸው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥተው፣ ቁርስ ሳይቀምሱ፣ በሃይገር ቆመው የመጡ ናቸው። ወላጆቹ ለክፋት አላደረጉትም። ከተማውን የመረጡት ለሱቁ በሚያመች መንገድ፣ ለኪራዩ በሚያመች ዋጋ ነው፤ ትምህርት ቤቱን «በኋላ እናየዋለን» አሉ። ያ «በኋላ» ዓመት ያልፈዋል።

እኛ የምንለው ምርጫው መገልበጥ አለበት ነው። መርካቶ የሚውለው ሰው ትንሿን ከተማ የሚያያት በጨለማ ነው፤ በጨለማ ወጥቶ በጨለማ ይገባል። ቀኑን ሙሉ እዚያ የሚውሉት እናትና ልጆች ናቸው። ስለዚህ ከተማዋ መመረጥ ያለባት በቅድሚያ በእነርሱ ዓይን ነው።

በእነርሱ ዓይን ሲታይ የመጀመሪያው ነገር ትምህርት ቤቱና የሚያስተምርበት ቋንቋ ነው። ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታና ለገጣፎ ለገዳዲ በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ በተባለው አስተዳደር ሥር ስለተጠቃለሉ በወረቀት ላይ ለየራሳቸው ከተማ መሆናቸው ቀርቷል፤ ሰው ግን አሁንም በድሮ ስማቸው ይጠራቸዋል። በኦሮሚያ ክልል የአንደኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በአፋን ኦሮሞ ነው፤ በአማርኛ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶችም በከተሞቹ አሉ። ወላጅ ቤት ከመከራየቱ በፊት የትኛው ትምህርት ቤት የት እንዳለ፣ ቦታ እንዳለውና እንደሌለው በእግሩ ሄዶ መጠየቅ አለበት። ልጁ 6ኛ ወይም 8ኛ ክፍል ከሆነ ደግሞ የፈተና ዓመት ስለሆነ በዓመቱ መካከል ባይነቃነቅ ይመረጣል። ለእኛም ለሠልጣኞቹ ቢሆን ነገሩ ይሠራል። አፋን ኦሮሞ የሚችል መምህር በእነዚህ ከተሞች ሥራም ጎረቤትም ያገኛል፤ የማይችል ከአሁኑ ቢጀምር ይጠቀማል። ከአስኮ ቡራዩ ሲሻገሩ አስፋልቱ አይቆረጥም፤ አስተዳደሩ፣ መታወቂያው፣ የትምህርት ቢሮው ግን ይቆረጣል።

ሁለተኛው ውኃ ነው። የአዲስ አበባን ውኃ ከሚያጠራቅሙት ግድቦች መካከል ገፈርሳ በቡራዩ በኩል፣ ለገዳዲ በለገጣፎ በኩል ይገኛሉ። የግድብ ጎረቤት መሆን ግን ቧንቧ አለ ማለት አይደለም! ቤቱን ስናይ ቆጣሪውን ብቻ ሳይሆን ግቢው ውስጥ ስንት ጀሪካን እንደተደረደረ እንቁጠር። ጀሪካኑ ከአከራዩ የበለጠ እውነት ይናገራል።

ሦስተኛው ሰው ነው። መርካቶና አካባቢዋ የኖረ ቤተሰብ ዕድር አለው፣ ዕቁብ አለው፣ የሚያበድር ጎረቤት አለው። ራቅ ብሎ የገባ ሰው የድሮውን ዕድር ወርኃዊ መዋጮ እየከፈለ ለቀብር ሳይደርስ ይቀርና ይቀጣል፤ አዲሱ ሰፈር ደግሞ ገና አላወቀውም። ይህን ቀላል ነገር አድርገው የሚያልፉት ወጣቶች ነን፤ እናቶቻችንን ብትጠይቋቸው ግን ከኪራይ አስቀድመው የሚያነሡት እሱን ነው። ቢሾፍቱና ሆለታ የቆየ የከተማ ኑሮ ስላላቸው የቆየ ዕድርም አላቸው። ትናንት ከእርሻ ላይ የተነሡት አዳዲስ ሰፈሮች ግን ሁሉም ሰው እንግዳ የሆነባቸው ናቸው።

እርሻ ካልን ዘንድ ስለ መሬቱም መናገር ግድ ነው። በእነዚህ ከተሞች ዳር «ርካሽ ቦታ አለ» የሚል ደላላ አይጠፋም። ቦታው የገበሬ ማሳ ነበር፤ ብዙ ጊዜም ገበሬው ያገኘው ጥቂት ነው። አዲስ አበባንና ዙሪያዋን በአንድ ዕቅድ ለማያያዝ የወጣው ማስተር ፕላን ብርቱ ተቃውሞ አስነሥቶ፣ የሰውም ሕይወት ጠፍቶበት፣ በጥር ወር 2008 ዓ.ም. እንዲቀር የተደረገው በዚሁ በመሬት ጉዳይ ነው። በየካቲት 2011 ዓ.ም. ደግሞ በለገጣፎ ለገዳዲ ሕገ ወጥ ናቸው የተባሉ በርካታ ቤቶች ፈርሰዋል። ገንዘቡን ሁሉ አፍስሶ ጨረቃ ቤት የሠራ ሰው በአንድ ጠዋት ሜዳ ላይ ሲቀር ልጆቹም ከትምህርት ይቀራሉ። ካርታ የሌለው ቦታ ርካሽ አይደለም፤ ዋጋው ገና አልተጠየቀም።

ስለ ኪራይ ውል ጥቂት ብቻ እናክል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ትንሿ ከተማ ላይ እንዴት እየተሠራበት እንደሆነ እዚያው ካለው አስተዳደር ይጠየቅ። የቀበሌ ቤት ያለው ሰው ደግሞ በእጅጉ ያስብ። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ከተወረሱት ቤቶች በአንዱ በጥቂት ብር የሚኖር ቤተሰብ ቁልፉን መልሶ ከወጣ በኋላ ተመልሶ አያገኘውም።

ለባለ ሱቁ የቀረ አንድ ነገር አለ። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ ሸማ ተራ በእሳት ሲያያዝ ቅርብ ያለው ነጋዴ ሮጦ ደርሷል፤ ያተረፈው ብዙ ባይሆንም ደርሷል። ታክሲ በሌለበት ሰዓት ቢሾፍቱ ያለ ሰው በስልክ ከመስማት በቀር ምን ያደርጋል? ሸቀጡ ሁሉ ሱቁ ውስጥ የሆነ ሰው ከጓሮ በሮቹ ባይርቅ ይሻለዋል። ደመወዝተኛ ግን፣ በተለይ እዚያው ትንሿ ከተማ ላይ የሚቀጠር መምህር፣ ይህ ሥጋት የለበትምና ሐይቁን ቢመርጥ አንቃወምም።

ለመወሰን የተቃረበ ቤተሰብ ከተማዋን እሑድ ከሰዓት በኋላ ሄዶ አይያት፤ እሑድ ሁሉም ከተማ ያምራል። በሰኔ ወር መጀመሪያ፣ ትምህርት ሳይዘጋ፣ ሰኞ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ታክሲ መያዣው ቆሞ ወረፋውን ይቁጠር፣ ጭቃውን ይርገጥ። ከዚያ 2 ሰዓት ሲሆን ትምህርት ቤቱ በር ላይ ይቁምና ልጆቹ ከየት አቅጣጫ፣ በእግር ይሁን በመኪና እንደሚመጡ ይመልከት። ማታ ደግሞ ከመርካቶ በ1 ሰዓት ተነሥቶ እስከዚያች ቤት ድረስ አንድ ጊዜ ይሞክረው፤ የመጨረሻው ታክሲ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚሄድም ተራ አስከባሪውን ይጠይቀው።