ድምፅን ከሁካታ መለየት
በቤታችን ለምንቀርጻቸው ትምህርቶችና ጸሎቶች የሚረዳ ጥናት



በደብረ ታቦር አቅራቢያ የምትገኘው ጋፋት በታሪክ የምትታወቀው በመድፍ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከአውሮፓ የመጡ ባለ እጆችን በዚያ አስቀምጠው፣ ሴባስቶፖል የተባለውንና 7 ቶን ያህል የሚመዝነውን መድፍ አሠርተዋል። ነገር ግን ጋፋት የአንድ ቋንቋም ስም ነው። የቋንቋ ሊቁ ቮልፍ ሌስላው በ1947 (እ.ኤ.አ.) ተናጋሪዎቹን ፍለጋ በወጣ ጊዜ፣ ብዙ ደክሞ ያገኘው 4 ሰዎችን ብቻ ነበር። ዛሬ ተናጋሪ የለውም። በኦክስፎርድ ቤተ መጻሕፍት የተቀመጠውን የመኃልየ መኃልይ ትርጉም የመሰለ ጥቂት ጽሑፍ ብቻ ተርፎለታል። መድፉ አሁንም በመቅደላ ይገኛል፤ ቋንቋው ግን አይሰማም።

ይህን ያነሣነው የእኛም ቁምስናዎች የሚጠብቁት ድምፅ ስላላቸው ነው። ጸሎቱን፣ መዝሙሩንና የጥንቱን የትምህርተ ክርስቶስ አሰጣጥ በቃላቸው የያዙ አረጋውያን በየጊዜው ያርፋሉ። ደግሞም ጥር 11 ቀን 2007 ዓ.ም. የተቋቋመው የባሕር ዳር–ደሴ ሀገረ ስብከታችን እጅግ ሰፊ በመሆኑ፣ በስልክ የተቀረጸ አንድ ትምህርት መምህሩ በእግሩ ሊደርስ ወደማይችልበት በሽተኛ ቤት ይደርሳል። ይሁን እንጂ ከሚቀረጸው ብዙው በዝናብ፣ በባጃጅና በዶሮ ጩኸት ተሸፍኖ ሳይደመጥ ይቀራል። መድኃኒቱ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም።

1. ጆሮና ማይክሮፎን
ፈጣሪ የሰጠን ጆሮ መራጭ ነው። በገበያ መካከል የቆመች እናት የልጇን ልቅሶ ከሺህ ድምፅ ለይታ ትሰማለች፤ ዘወትር የሚያጉረመርመውን ማቀዝቀዣ ግን ከነጭራሹ እንረሳዋለን። ማይክሮፎን ይህ ጸጋ የለውም፤ የደረሰውን ሁሉ እኩል ይቀበላል። ስለዚህ ከመቅረጻችን በፊት አንድ ደቂቃ ዝም ብለን እንቀመጥ፤ የምንሰማውንም ሁሉ በወረቀት እንጻፍ። ያልታወቀ ሁካታ አይወገድምና።

2. ሁካታን ከምንጩ ማራቅ
ቴሌቪዥንና ማቀዝቀዣ ይጥፉ፤ ስልኩ ጥሪ እንዳይገባበት ኤርፕሌን ሞድ ላይ ይደረግ፤ ከቻርጀርም ይነቀል። የመብራት ኃይል በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ በመሆኑ፣ በሽቦ በኩል የሚያጉረመርም ድምፅ ሊያስገባ ይችላልና። በቆርቆሮ ጣራ ላይ የሚወርደውን ዝናብ ግን ማንም አያስቆመውም። በክረምት ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከቀትር በኋላ ስለሚበረታ ጠዋትን እንምረጥ። መብራት የጠፋበት ሰዓትም፣ ጎረቤት ጄኔሬተር ካላስነሣ፣ ወፍጮው ስለሚቆም ለቀረጻ መልካም ነው። ከጎረቤት ቤተ ክርስቲያን የሚሰማው ማሕሌት ደግሞ ጸሎት እንጂ ሁካታ አይደለም፤ በአክብሮት የእኛን ሰዓት እንለውጥ።

3. መቅረብ
በዚህ ጥናት ካሉት ምክሮች ሁሉ ዋናው ይህ ነው። ርቀቱ በግማሽ በቀነሰ ቁጥር ወደ ማይክሮፎኑ የሚደርሰው የተናጋሪው ድምፅ ግፊት እጥፍ ይሆናል፤ ከደጅ የሚመጣው ሁካታ ግን ባለበት ይቆያል። ስልኩን ከ1 ሜትር ወደ 25 ሳንቲ ሜትር ያቀረበ ሰው ድምፁን 4 እጥፍ፣ በባለሙያዎች አነጋገር 12 ዴሲቤል ያህል፣ ከሁካታው በላይ ከፍ አደረገው ማለት ነው። ሆኖም «ጴጥሮስ» ወይም «በረከት» ስንል ከከንፈር የሚወጣው ትንፋሽ እንዳይመታው፣ ስልኩ ከአፍ ፊት ለፊት ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን ይሁን። የማይክሮፎኑ ቀዳዳ ባብዛኛው በስልኩ ግርጌ ስለሚገኝ በእጅ አይሸፈን። የጠረጴዛው ንቅናቄ እንዳይሰማም ስልኩን በታጠፈ ጋቢ ላይ እናስቀምጠው።

4. ቤቱን ማልበስ
ባዶ የሲሚንቶ ግድግዳ ድምፅን መልሶ ስለሚወረውር ንግግሩ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። ስለዚህ አልጋ፣ ልብስና የእህል ጆንያ ያለበት ትንሽ የጭቃ ክፍል ከተዋበ ሳሎን ይሻላል። ከተናጋሪው በስተጀርባና በግራ ቀኙ ብርድ ልብስ ቢሰቀል ማስተጋባቱ ይቀንሳል። ልብ እንበል፤ ጨርቅ በክፍሉ ውስጥ የሚመላለሰውን ድምፅ ያለዝባል እንጂ የውጭውን አይከለክልም። ለውጭው በርና መስኮትን መዝጋት፣ ሰዓትንም መምረጥ ያስፈልጋል።

5. ከቀረጻ በኋላ
በመጀመሪያ 10 ሴኮንድ ያህል ንግግር የሌለበት ጸጥታ እንቅረጽ። አውዳሲቲን የመሰለ በነጻ የሚገኝ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ከዚያ ጸጥታ የሁካታውን ጠባይ አውቆ ከቀረው ክፍል ላይ ይቀንሰዋል። ነገር ግን በልክ ይሁን፤ ሲበዛ ድምፁን ከውኃ ውስጥ የሚወጣ ያስመስለዋል። የመኪና ጡሩምባ የሸፈነውን ቃልም የትኛውም ፕሮግራም አይመልሰውም። የመጀመሪያው ቅጂ ሳይነካ ይቀመጥ።

አረጋውያንን ስንቀርጽ አስቀድመን ፈቃዳቸውን እንጠይቅ። በመካከል ጩኸት ቢገባ አናቋርጣቸው፤ ሐሳቡን ሲጨርሱ «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልንና ይህችን ቃል አንድ ጊዜ ይድገሙልን» ማለት ይበቃል። ሳንቀርጸው የቀረውን በሚቀጥለው ዓመት የሚደግምልን ሰው ላይኖር ይችላል።

ደብረ ታቦር ስሟን ያገኘችው ጌታ ክብሩን ከገለጠበት ተራራ ነው። ማቴዎስ በምዕራፍ 17 እንደሚተርከው፣ ጴጥሮስ ስለ ዳሶቹ ገና ሲናገር ሳለ የአብ ድምፅ ከደመናው መጣ፤ ያዘዘውም ልጁን እንዲሰሙ ነው። የጴጥሮስ ንግግር በቅን ልቡና የተነገረ ነበር፤ ቢሆንም ለመስማት ዝም ማለት አስፈለገው። ሐዋርያው ጳውሎስም እምነት ከመስማት እንደሚገኝ ለሮሜ ሰዎች ጽፏል። እንግዲህ ቃሉ ጥርት ብሎ እንዲሰማ መድከም ከካቴኪስት አገልግሎት አንዱ ክፍል ነው።

ለውይይት
ሀ. በቤታችን አንድ ደቂቃ ዝም ብለን ስንቀመጥ ምን ምን እንሰማለን? ከእነዚህስ የትኛውን ማራቅ እንችላለን?
ለ. በቁምስናችን ድምፃቸው ሳይቀረጽ ሊያልፉን የማይገቡ አረጋውያን እነማን ናቸው?
ሐ. በጸሎታችን ጊዜ ቃሉን የሚሸፍንብን የልብ ሁካታ የትኛው ነው?

የእግዚአብሔር ሰላም ከሁላችን ጋር ይሁን።